የቤቲንግ ማስታወቂያ በኳሱ ውስጥ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ ማኪያቶ ላይ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ወረፋ ላይ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ስንጠያየቅ የከረምነው ነው፤ ከቀላሉ ልጀምር።

ለመሆኑ የቤቲንግ ማስታወቂያ የሚባለው በር ላይ የሚለጠፈው ፖስተር ነው?

ፖስተሩ ትንሹ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማራኪ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች በማርከር የተጻፉበት ካርቶን ተደግፏል። ከጎኑ የአንድ አቋማሪ ድርጅት ፖስተር አለ። መግቢያ የሚቀበለው ልጅ የለበሰው ቲሸርት የሌላ አቋማሪ ነው። ስክሪኑ ላይ የሜዳው ዳር ሰሌዳ በየደቂቃው ይቀያየራል፤ የአንዱ ቡድን ማሊያም ደረቱ ላይ ያንኑ ይላል። ዕረፍት ላይ ስልኬ ጮኸች፦ «ዛሬ ብቻ ቦነስ!» ኳሱን ትቼ መቁጠር ጀመርኩ። 40 ላይ ስደርስ ጎል ገባና ተምታታብኝ።

ማስታወቂያው ይሄ ሁሉ ነው። ማሊያው፣ ሰሌዳው፣ የሊጉ ስያሜ፣ ሬዲዮ ላይ ኳስ የሚተነትነው ሰውዬ በዚያው ድምፁ ኦድ (ያስያዝነው ብር ስንት እጥፍ እንደሚመለስ የሚነግረውን ቁጥር) ሲያነብልን፣ ቴሌግራም ላይ «የዛሬ ምርጥ ቲኬት» የሚለው ቻናል። የመጨረሻው ጭራሽ ማስታወቂያ አይመስልም። የጓደኛ ምክር ነው የሚመስለው።

ቤቲንግ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ነው እንዴ?

ፈቃድ ካለው ሕጋዊ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ የኖረውም ያው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የምናውቀው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። የቤቲንግ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ 21+ የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ ከ21 ዓመት በታች መጫወት አይፈቀድም ማለት ነው። ምልክቱ ከበሩ በላይ ይሰቀላል፣ ልጆቹ ከሥሩ ያልፋሉ። መታወቂያ ሲጠየቅ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

ችግሩ ሰዉ «ሕጋዊ ነው» ሲባል «ችግር የለውም» ብሎ መስማቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብዙ ቤቶች ሲታሸጉ ደግሞ «ታዲያ ሕገ ወጥ ነበር እንዴ?» ማለት ጀመርን። አንዱ ሲከፍት ሌላው ሲያሽግ ያየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የበዛው?

ቤቶቹ ቀደም ብለው ነበሩ። ኳሱ ውስጥ ዘልቆ የገባው ግን ሁለት ነገሮች ከተከታተሉ በኋላ ይመስለኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣው። የስፖርት ፕሮግራሞቻችን ደግሞ በቢራ ነበር የሚኖሩት። ቢራው የለቀቀውን ወንበር ማን እንደያዘው ሬዲዮ ከፍቶ መስማት ነው። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. ሊጋችን «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ። እናቴ ስሙን ዜና ላይ ስትሰማ ቤት ሻጭ ድርጅት መስሏት «ጎንደርስ ቅርንጫፍ አላቸው?» ብላኛለች።

ያ ዓመት ለእኛ ልዩ ነው። ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን የበላበት ዓመት ነው። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ዐፄዎቹ ያመጡልን ዋንጫ በሙሉ ስሙ ሲጠራ ግን የአቋማሪ ድርጅት ስም ይቀድመው ነበር። ያኔ ይሄን ልብ ያለ ሰው አላስታውስም፤ እኔም ልብ አላልኩትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። ፋሲለደስ ስታዲየም አፍንጫችን ሥር ሆኖ ቡድናችንን በስክሪን ማየት ለመድን። ስታዲየም የገባ ሰው ዓይኑን ወደፈለገው ይወረውራል። ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ግን ካሜራው የመረጠለትን ነው የሚያየው፤ ሰሌዳውን ጨምሮ።

ጎንደር ላይ ሰዉ ይጠላዋል ወይስ ለምዶታል?

እንደምትጠይቁት ሰው ነው። አዘዞ የማውቀው ባጃጅ ነጂ «እኔን ያስገባኝ ጓደኛዬ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም» ይላል። «ጓደኛህንስ ማን አስገባው?» ስለው ይስቃል። ዲኤስቲቪ ቤት ያላቸው ሰዎች ፖስተሩን ብዙም አይወዱትም፣ ግን ግድግዳቸውን ቀለም የቀባላቸው ድርጅቱ ነው። መምህራን በጣም ይናደዳሉ፤ ደብተር ሲያርሙ ከጀርባው የጨዋታ ዝርዝር ያገኛሉ። እናቶች ማስታወቂያውን አያውቁትም። እነሱ የሚያውቁት መጨረሻውን ነው፦ ለኪራይ የተቀመጠው ብር የለም፣ ስልኩ ተሸጧል፣ ልጁ ደግሞ «ጠፋብኝ» ይላል።

ያልጠበቅሁት ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከሁሉ በላይ ማስታወቂያውን የሚያማርሩት ራሳቸው የሚጫወቱት ናቸው። ፀጉር የሚቆርጠኝ ልጅ ለስድስት ወር ትቶት ነበር። «ሲጋራ ስተው ሱቁን ዞሬ አለፍኩት» አለኝ፣ ምላጩ ጆሮዬ ሥር ሆኖ። «ቤቲንግን ለመተው ግን አርሰናልን መተው አለብኝ። በየት በኩል ልዙር?» አርሰናል ደረቱ ላይ የሚጽፈው አየር መንገድ ነው፤ እሱም ያውቃል። ግን አርሰናል ብቻውን አይጫወትም። ተጋጣሚ አለው፣ ሰሌዳ አለ፣ ዕረፍት አለ፣ ስልክ አለ።

ስለዚህ እኔ የሰማሁት ቅሬታ «ቁማር ለምን ኖረ» የሚል አይደለም። ቁማር ድሮም ነበር። ካርታውም፣ ከረምቦላውም፣ ቢንጎውም የራሱ ቤት ነበረው፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ አይገባም። አሁን ግን ኳስ ብለው የገቡበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቃቸው ሆነ። ሰዉን የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ስንቆርጥ ማን ተናገረን? ቤቲንጉ ላይ ምን አስጮኸን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በከፊልም ልክ ነው። ሎተሪ አዟሪ ሕፃን ልጅ ካፌ ለካፌ ሲዞር ዝም ብለን ኖረናል።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ተቆርጦ ኪስ ውስጥ ይረሳል፤ ዕጣው እስኪወጣ ሰው ሥራውን ይሠራል። ቤቲንግ በ90 ደቂቃ ይለይለታል። አሁን ደግሞ ጨዋታው እየተካሄደ ቀጣዩ ኮርነር የማን ነው እያሉ ያስይዛሉ። አቪዬተር የሚሉት የቁማር ጨዋታ ላይ ያለችው አውሮፕላንማ ኳስም አትፈልግም፣ በሰከንዶች ውስጥ ተነሥታ ትጠፋለች። ሎተሪ አዟሪው ደግሞ «ሎተሪ!» ብሎ ጮኾ ያልፋል። የፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሱ ሲቀመጥ ጆሮህ ላይ አይመጣም።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድስ ምን ይላሉ?

ሁለቱም አይወዱትም። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ አንቀጽ ጠርቶ ያወግዛል። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ውስጥ ደግሞ የንስሐ አባቱ ፊት «ቁማር አይደለም አባ፣ ውርርድ ነው» ብሎ የተከራከረ አውቃለሁ፤ አልተሳካለትም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ተግሣጹ ሁልጊዜ ተጫዋቹ ላይ ነው። ግድግዳውን ለማስታወቂያ ያከራየው ምእመን ሲገሠጽ አልሰማሁም።

«ማስታወቂያ እኔን አይነካኝም» የሚለው እውነት ነው?

ሁሉም እንደዚያ ይላል። እኔም እላለሁ። «ወጣቱን ነው እንጂ የሚያበላሸው» እንላለን፤ ወጣቱ ደግሞ «ሕፃናቱን ነው» ይላል። በሌላ አገር የተሠሩ ጥናቶችም ይሄን ደጋግመው አግኝተውታል፦ ሰው ማስታወቂያ ከራሱ ይልቅ ሌላውን እንደሚጎዳ ያምናል።

ማስታወቂያው ግን «አሁኑኑ ተነሥተህ አስይዝ» ማለት የለበትም። ስሙ አፍህ ላይ ቅርብ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። አንድ ነገር ሞክሩ። የሦስት አቋማሪ ድርጅቶችን ስም ጥሩ። አንድም ቀን ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን ጠይቄ ሳያመነቱ ነግረውኛል። ከዚያ የሦስት መድን ድርጅቶችን ስም ጠየቅኳቸው። ጣራ ጣራ ነው ያዩት።

በ20 ብር 580 ብር የበላ ሰው አውቃለሁ። ማስታወቂያው ውሸት ነው እንዴ?

ውሸት አይደለም። የበላውን ያሳያችኋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚበላ ግን አይነግራችሁም። ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ።

አንድ ጨዋታ ላይ ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.30፣ ለእንግዳው 3.40 ኦድ ተሰጠ እንበል። 1ን ለሦስቱም አካፍላችሁ ደምሩት። 1.07 አካባቢ ይመጣል። ሚዛኑ እኩል ቢሆን ልክ 1 ነበር የሚመጣው። ያቺ ትርፍ 0.07 የድርጅቱ ናት፤ ማንም ያሸንፍ ማን እሷ ቀድማ ተቆርጣለች።

አሁን ሰፈራችን የሚወደውን ቲኬት እንይ፦ 10 ጨዋታ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ 1.40 ኦድ። ሲባዛ 29 አካባቢ ስለሚሆን 20 ብር ወደ 580 ብር ይጠጋል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ድርጅቱ 6 በመቶ ብቻ ይወስዳል ብንል፣ አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ከ50 አንድ ገደማ ነው። 50 ጊዜ ስትቆርጡ 1,000 ብር ወጣ ማለት ነው፤ አንዴ ሲገባ የሚመለሰው 580 ነው። ትንሿ 6 በመቶ አሥር ጊዜ ስትባዛ ግማሽ ልትሆን ምንም አልቀራት። አጥፊው ቲኬት ደግሞ ዘጠኙ ገብተው በአንዷ የተበላው ነው። «አንዷ ቆረጠችኝ» ያለ ሰው ሊያሸንፍ የተቃረበ ይመስለዋል እንጂ የተበላ አይመስለውም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ቲኬት ይቆርጣል።

ልጆች ምኑንም አይረዱትም፤ እነሱ ላይ ምን ያመጣል?

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲቲ ሊጫወት ሲል «አጎቴ፣ ኦዱ ስንት ነው?» አለኝ። ኦድ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ማን እንደሚያሸንፍ የሚናገር ቁጥር» አለ። የትንቢት ዓይነት መስሎታል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ከኳሱ ጋር አብሮ የገባለት ነው፣ ልክ እንደ ኦፍሳይድ።

አውስትራሊያ ውስጥ ከ8 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሲጠየቁ፣ ከአራት ልጆች ሦስቱ ውርርድ የስፖርት የተለመደ አካል እየሆነ እንደመጣ ተናግረዋል። የወላጆቹ መልስ ደግሞ ከልጆቹም የባሰ ነበር። እኛ ጋ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ይሄንኑ ጥያቄ ቢጠየቁ የሚሉትን መገመት አይከብደኝም።

ውጭ አገር ከልክለውታል ይባላል። እውነት ነው?

እንደየአገሩ ነው፤ ወሬው ግን ይጋነናል። «እንግሊዝ ከለከለች» ሲባል ትሰማላችሁ። መንግሥት አልነበረም የከለከለው። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ራሳቸው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ተስማምተው ነው፣ ያውም ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ በኋላ ማሊያ ደረት ላይ እንዳይኖር ብቻ። እጅጌውም የሜዳው ሰሌዳም አልተነካም። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ እዚያ ያሉ ድርጅቶች በምሽት ጨዋታ ካልሆነ በቀር ቴሌቪዥን ላይ በጨዋታ መካከል ላለማስተዋወቅ ተስማምተዋል። ያ ለእነሱ ስክሪን ነው፤ የእኛን አይመለከትም።

ጠበቅ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ጣሊያን በ2018 ባወጣችው ሕግ ማስታወቂያውንም ስፖንሰርነቱንም ዘጋች። ስፔን በ2020 መጨረሻ ማስታወቂያውን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ወሰነችው፤ ከማሊያም አወረደችው። ኔዘርላንድስ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ስፖርትን ስፖንሰር ማድረግ ከለከለች። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያለ አቋማሪዎች ብር ክለቦቻችን ምን ይበላሉ?

ክርክሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ወንበር እስከማንሳት ደርሷል። ክለብ ደመወዝ መክፈል አለበት፣ አውቶቡስ ነዳጅ ይጠጣል። «ብሩን እናንተ አምጡ» ለሚል ሰው መልስ ያስፈልጋል።

እኔ ሁለት ነገር እመልሳለሁ። አንደኛ፣ ብሩ የሚታመን አይደለም። ኬንያ የቤቲንግ ግብሩን ወደ 35 በመቶ ስታሳድግ አቋማሪው ስፖርትፔሳ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ለጎር ማሂያና ለኤኤፍሲ ሌፓርድስ የሚሰጠውን ድጋፍ በአንድ ጊዜ አቋረጠ። ክለቦቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሁለተኛ፣ ብሩ የመጣው ከየት ነው? ከደጋፊው ኪስ ወጥቶ፣ ድርጅቱ ጋ አድሮ፣ ተቀንሶ ለክለቡ የተመለሰ ነው። የፋሲል ማሊያ ላይ ለዓመታት የዳሽን ቢራን ስም አይተናል፤ ቢራውም ጻድቅ አይደለም። ግን ጎንደር ውስጥ ፋብሪካ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ጎረቤት ነው። ደጋፊ አባልነቱን በቴሌብር በየወሩ ቢከፍልስ? ይሄን ሳነሣ ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያስይዛሉ?

አይፈቀድላቸውም። ኢቫን ቶኒ በእንግሊዝ የውርርድ ደንብ ጥሶ ግንቦት 2023 ላይ ስምንት ወር ታገደ። ይጫወትበት የነበረው ብሬንትፎርድ ማሊያ ደረቱ ላይ የደቡብ አፍሪካ አቋማሪ ድርጅት ስም ነበረው። ሳንድሮ ቶናሊም በዚያው ዓመት አሥር ወር ታግዷል። «እሱ ሲያስይዝ ወንጀል፣ ደረቱ ላይ ሲለጥፉበት ሥራ» ያለኝ ልጅ ቀልዶ ነው፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ደንቡ ልክ ነው፣ ተጫዋች ከተወራረደ ጨዋታ ይሸጣል። ቢሆንም ልጁን ቀን ከሌት ማስታወቂያ አልብሰው ሲያበቁ ሲገርማቸው ያስቃል።

ማስታወቂያው ቢከለከል ቤቲንግ ይጠፋል?

አይጠፋም። ማስታወቂያውም ራሱ ልብስ ቀይሮ ይመጣል። ጣሊያን ከልክላ ሳለ የኢንተር ሚላን ማሊያ ላይ የአንድ አቋማሪ ስም «የስፖርት ዜና ድረ ገጽ» ተብሎ ተመልሷል። እኛ ጋ ሰሌዳው ቢወርድ ቴሌግራሙ ይቀራል፤ «የተሸጠ ጨዋታ አለኝ፣ 500 ብር ላክ» የሚሉትም አሉ። እነሱ ንጹሕ አጭበርባሪ ናቸው። የተሸጠ ጨዋታ በእጁ ያለ ሰው ለእናንተ በ500 ብር ምን አስቸኮለው?

ታዲያ ምን ዋጋ አለው ከተባለ፣ ፀጉር ቆራጩን አስታውሱ። እሱ ቤቶቹ ይዘጉልኝ አላለም። አርሰናልን የሚያይበት 90 ደቂቃ ነው የለመነው።

ወንድሜ ከገባበት መውጣት አቃተው። የት ልውሰደው?

ስድብ እንደማይሠራ ሞክራችሁታል። የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል፤ ሕክምና አለው ማለት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አብዷል ይሉኛል» ብሎ ይፈራል፤ አብራችሁት ሂዱ።

እስከዚያው ከእሱ ጋር ተስማምታችሁ የቴሌብር ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝለት፤ የቤቲንግ አፖቹን አጥፉ፣ የቲኬት ቻናሎቹን ውጡ። ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ አትገላግሉት፤ ባዶ የሆነ ዕዳ እንደ አዲስ ካፒታል ሲታይ አይቻለሁ። ኳስ ማየት ከፈለገ ቤት ውስጥ፣ ከሰው ጋር ይይ። ዕረፍት ላይ ስልኩን ተቀብላችሁ ቡና አስቀርቡት።

ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። ፖስተር እንለጥፍ፣ ቀለም እንቀባልህ ብለውኛል። ልቀበል?

ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ቀለሙም ውድ ሆኗል። አንድ የማውቃቸው ባለቤት ያደረጉትን ልንገርዎት። ቀለሙን ተቀበሉ፣ ፖስተሩን ግን ስክሪኑ ባለበት ግድግዳ ላይ አላደርግም አሉ። ድርጅቱ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ግድግዳ ነበርና ቀለሙ ቀረ። አሁን ያ ግድግዳ ላይ የ2013ቱ ፋሲል ከነማ የቡድን ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥጉ ላይ እርጥበት ገብቶ ቀለሙ ትንሽ ተላጧል።